እርጅና፣ ኢኮኖሚና ጭስ፦ ከአዳማ አድማጮች የቀረቡ ጥያቄዎች

ከፍራንኮ አካባቢ የደወሉ እናት፦ «ሽማግሌ ከቤት አይወጣም፣ መኪና አይነዳም። አረጋውያን የበዙበት አገር ጭሱ ይቀንሳል ማለት ነው?»

እማማ፣ ግማሹ ልክ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ጠዋትና ማታ ሥራ ቦታ አይመላለስም። ሠራተኛ ሲያንስም ምርቱ ይቀዛቀዛል፤ የሚቃጠለው ነዳጅም አብሮ ይቀንሳል። ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው በብርድ ማሞቂያ፣ በሙቀት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ደግሞ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እርስዎ ቤት ለልጅ ለልጅ ልጁ አንድ ፍሪጅ ይበቃል፤ ሁሉም ለየብቻው ቢኖር በየቤቱ አንድ አንድ ሊገዛ ነው።

ጃፓንን እንይ። ከ100 ሰው 29ኙ ገደማ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ሕዝቧ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ እየቀነሰ ነው። ሆኖም የካርቦን ልቀቷ እስከ 2013 ድረስ ጨመረ! በ2011 የፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ደረሰ፣ የኒውክሌር ጣቢያዎቿ እየተዘጉ ሄዱ፣ በምትኩ ከሰልና ጋዝ ተቃጠለ። ሰው እያነሰ ጭሱ በዛ። ለእኔ ከዕድሜ ይበልጥ ወሳኙ ኃይሉ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ደምበላ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር፦ «እኛ አገር የሞላው ወጣት ነው። ይሄ እኛን ምን አገባን?»

ወንድሜ፣ ያገባናል። እርግጥ ዛሬ 65 ዓመት የሞላው ከ100 ሰው 3 ቢሆን ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1990 አንዲት እናት በአማካይ 7 ልጅ ትወልድ ነበር፤ አሁን 4 ገደማ ደርሷል። ልጅ እያነሰ ሲሄድ ሠርቶ የሚያበላው ከሚበላው ይበልጣል። ኢኮኖሚ የሚያድገው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ያውም ሥራ ከተገኘ። ጊዜው ያልፋል። ዛሬ ወጣት የሆነው ሁሉ አንድ ላይ ያረጃል።

የእኛን ጭስ የሚያበዛውም ሽማግሌው አይደለም። አንተ ነገ ገቢህ ሲያድግ የምትገዛው መኪና ነው። መኪናው በባትሪ ከሄደ፣ ባትሪው ደግሞ እዚሁ ከተማችን አናት ላይ ከሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች ከተሞላ፣ ዕድገቱ ጭስ አያስከትልም። ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች ተደምረው 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው።

ከቦኩ የደወሉ ጡረተኛ መምህር፦ «የጡረታ ገንዘባችን ያሰጋዋል?»

ለጊዜው የሚያዋጣው ወጣት ብዙ ነው፣ ጋሼ። ሠራተኛው ከደመወዙ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያስገባሉ። ተቀባዩ በዝቶ አዋጪው ካነሰ ቋቱ ይጎድላል። እንደ ቅድሙ ሹፌር ለራሱ የሚሠራ ብዙ ወጣት ግን ከናካቴው ቋቱ ውስጥ የለም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የእሱ ሽምግልና ነው።