መብራቱን ሳትገዙ ብር አትላኩ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ደግሞ ሻንጣችሁን አሰናድታችሁ የመሄጃችሁን ቀን የምትጠብቁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ውጭ ኑሮ ምከርልን» ብለውኛል። ስለ ብርዱና ስለ ትምህርቱ ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ ሳይክል ላወራ ነው። አትሳቁ! ባህር ዳር ላይ ቆሞ ስለ ሳይክል መምከር የጣናን ዓሣ ዋና እንደማስተማር መሆኑ አይጠፋኝም። አባቶቻችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲወጡ መንገዱን በሳይክል ነበር የሚሞሉት። እኛም በሰዓት ተከራይተን፣ ጉልበታችንን ልጠን፣ ከዘንባባው ሥር ነው የተማርነው። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። እኛን ደግሞ ማን ሊያስተምረን?

አምስተርዳም ስኖር ከዚሁ ከፔዳ አካባቢ የመጣ ልጅ ነበር። እጁን ለቆ፣ ዳቦ እየበላ የሚነዳ ዓይነት። እንደደረሰ አሮጌ ሳይክል ገዛ። እዚያ አገር ብዙው አሮጌ ሳይክል የእጅ ፍሬን የለውም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት ነው የሚይዘው። ይህን የነገረው ሰው የለም። የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ፍሬን ቢፈልጉ ባዶ ብረት! ደንግጦ እግሩን ወደ ኋላ ሲመልስ ሳይክሉ ቀጥ አለ፤ እሱ ግን አልቆመም። ቦዩ ውስጥ ለመግባት ትንሽ ነው የቀረው። ያን ቀን ስቀን አለፍነው።

ክረምቱ ሲገባ ምግብ የማድረስ ሥራ ያዘ። ማታ ነው፣ ዝናብ ነው። ከተማው ውስጥ የትራም ሐዲድ አለ። በሐዲዱ መሐል ያለው ክፍተት የሳይክል ጎማ ይውጣል፤ ብረቱ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል እንጂ በሰያፍ አይሻገሩትም። ልጁ ይህን እስከዚያ ጊዜ አውቆታል። ነገር ግን ስልኩ ጠራ። ከዚህ ነው፣ ከቤት። «አቤት እማዬ» ብሎ አነሣ። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ጆሮ ላይ። የፊት ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ገባ። ትከሻው ተሰበረ። ከኋላው የነበረው መኪና ለጥቂት ነው የቆመለት፤ ልጁን አላየውም ነበር። ሳይክሉ መብራት የለውማ!

ሆስፒታል ሄጄ «ለምን መብራት አልገዛህም?» አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የወር መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ ለቤት ልላክ ብዬ ነው።»

የሳይክል መብራት እኮ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው! ልጁ ከራሱ ምሳ ሳይሆን ከራሱ ሕይወት ቀንሶ ነው የላከልን። እኛስ? «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» እያልን እንሸኛለን። ልጅን እንደዚህ ብሎ መሸኘት ምን ዓይነት ምርቃት ነው? ጫኙ ማን ሆነና! ስልክ ካላነሣ «ናቀን፣ ፈረንጅ ሆነ» እንላለን። አልናቃችሁም፤ መንገድ ላይ ነው! ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሳይክል እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ያስቀጣል። በሰው አገር ልጅ ሲሞትብን አስከሬን ለመመለስ ሲዋጣ አይቻለሁ፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ለመብራት ግን ያዋጣ ማኅበር እስከዛሬ አላየሁም!

ሆላንዶቹም ቢሆኑ እንዲህ ሆነው አልተወለዱም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ አልቆባቸዋል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች ተቆጥተው አደባባይ ወጡ። ዛሬ የምታደንቁት የሳይክል መንገድ ከዚያ ቁጣ በኋላ የመጣ ነው። ሕጋቸውም መኪና ሳይክለኛን ሲገጭ ካሳውን በመርህ ደረጃ ባለመኪናው ላይ ይጥላል። እኛ ጋ የተገጨው ሰው ነው «ምን ሊሠራ መሐል መንገድ ገባ?» ተብሎ የሚጠየቀው። ይህን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የእኛ ልጆች ተገጭተው፣ ፖሊስ ፈርተው፣ እያነከሱ ይሸሻሉ። አትሽሹ! አውሮፓ ከሆናችሁ 112 ደውሉ፣ የመኪናውን ታርጋ ያዙ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ጠብቁ።

ሌላው አጭር ነው። እዚህ ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋላችኋል፣ እናንተም ዳር ትይዛላችሁ። እዚያ ጡሩንባ አትጠብቁ፤ የሚናገረው መሬት ላይ ያለው ቀለም ነው። ሆላንድ ውስጥ ነጫጭ ሦስት ማዕዘኖች ጫፋቸውን ወደ እናንተ ካዞሩ ቅድሚያ ስጡ። ምልክት የሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል። ከከባድ መኪና ጎን አትቁሙ፤ ሲታጠፍ አያያችሁም። ከቆመ መኪናም ራቅ በሉ፣ በሩ ድንገት ይከፈታል። ለንደን፣ ናይሮቢ ወይም ካምፓላ የምትሄዱ፣ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፤ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ቁልፍ ሁለት ግዙ። ሌባ እዚያም አለ፣ እንዳትሸወዱ።

ወላጆች፣ ልጆቹ ሳይሄዱ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ዛሬ ማታ ተስማሙ። እናንተ ደግሞ ልጆች፣ በሩ አጠገብ ካርቶን አለ። ከኪሴ ነው የገዛሁት፤ ለሁላችሁም ይበቃል። ነጩ ለፊት፣ ቀዩ ለኋላ። ሳይወስድ የሚወጣ እንዳላይ።

አመሰግናለሁ።