ያልተቀዱት ሲኒዎች

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው ከረበሻችሁ ይቅርታ።

ፊዚዮቴራፒስት እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ስትሮክ የመታቸው እናት ቤት ሄድኩ። የተጎዳው የአንጎላቸው ቀኝ ጎን ነው። ልጃቸው በር ላይ፣ "እንጀራውን ግማሹን አትነካውም፤ አኩርፋ ይሆን?" አለችኝ።

ወረቀት አወጣሁ። 40 አጫጭር መስመሮች አሉበት፤ ሁሉንም በእርሳስ መሰረዝ ነው። የአልበርት ፈተና ይሉታል፤ በፈረንጆቹ 1973 የወጣ ነው። የምወደው ፊደል ስለማይጠይቅ ነው። ፊደል ላልቆጠሩ እናት እንደ ሌላው ፈተና "ሰዓት ይሳሉልኝ" ማለት ማሳፈር ነው። ሰረዙ። በግራ ጠርዝ ሁለት ቀሩ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። "ደህና ነዎት እማማ!" አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ከዚያ ቡና ደረሰ። ልጅቷ አፈላች፣ እሳቸው "እኔ ልቅዳ" አሉ። ረከቦቱ ላይ ስምንት ሲኒ አለ። በቀኝ ያሉትን አምስቱን ሞሉ። ጀበናውን አስቀመጡና "ጠጡ እንጂ!" አሉን። ሦስቱ ባዶ ናቸው። በግራቸው የተቀመጡት ጎረቤት ዝም ብለው ያያሉ። ልጅቷ ረከቦቱን አዞረችው። "እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?" አሉ።

ዓይናቸው አይደለም ችግሩ፤ የአንጎላቸው ቀኝ ጎን ስለተጎዳ በግራ ያለውን ልብ አይሉትም። በአንድ በኩል ማየት ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ ይገባዋል፤ አንገቱን አዙሮ ይፈልጋል። እሳቸው ግን የሚፈለግ ነገር መኖሩም አይታያቸውም። በፈረንጆቹ 1978 ሁለት ጣልያን ተመራማሪዎች ሚላኖ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን የካቴድራሉን አደባባይ በሐሳብ እንዲያዩት ጠየቋቸው። የጠሩት በአብዛኛው በቀኛቸው ያለውን ነው። በሐሳብ ዞረው ከወዲያ ማዶ ሲቆሙ ደግሞ መጀመሪያ የዘለሉትን ጠሩ። እኔም እማማን "ፒያሳ ቆመው የጦሳን ተራራ ይዩ" አልኳቸው። የቀኙን ሱቆች ቆጠሩልኝ፤ ግራው የለም።

ጸጥ ባለ ክፍል፣ አንድ ወረቀት ላይ ሰው ልቡን ሰብስቦ ሊያልፍ ይችላል። ቤት ውስጥ ግን ሰው አለ፣ ወሬ አለ። ስለዚህ አሁን የካትሪን በርዤጎ መለኪያን አስከትላለሁ፦ አበላል፣ አለባበስ፣ አካሄድ፣ አሥር ነገር እያዩ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 3 መስጠት። ልጅቷንም እንጀራውን እንዳታዞርላቸው፣ በግራ በኩል ሆና እንድትጠራቸው ነገርኳት።

ባለፈው ሐሙስ በግራቸው ተቀመጥኩ። አቦሉ አለፈኝ። ቶናው ላይ አንገታቸውን ዞር አደረጉና፣ "አንተ ልጅ፣ መቼ መጣህ?" አሉኝ።