ለከርሞ ልዝራ ወይስ ይቅር?

አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ላይ ተነስታችሁ ስለ አዲስ አበባ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ለመስማት መምጣታችሁ ያስገርመኛል። እኔ ብሆን የምመጣ አይመስለኝም።

ያለንበት ሰፈር ሰንጋ ተራ ነው። ሰንጋ ግን የለም፤ ያለው የባንክ ፎቅ ነው። ወደ ደቡብ ትንሽ ብትነዱ ጎተራ ትደርሳላችሁ። እዚያም እህል የለም፣ ማሳለጫ ነው። ላም በረት የአውቶቡስ መናኸሪያ ሆኗል። ሣር ቤትን ታውቁታላችሁ። ይህን የማነሳው ለቁጭት አይደለም። ከተማ ያድጋል። ሰንጋ ተራ ላይ እንደገና ሰንጋ ይታሰር የሚል ካለ እኔ የለሁበትም። ዛሬ የምናገረው ገና ስላልተሠራበት መሬት ነው። በወረቀት ላይ መኖሪያ ተብሎ የተመደበ፣ በዓይን ሲታይ ግን አሁንም ማሳ የሆነ መሬት አለ። ያን ምድብ ወደ እርሻ እንመልሰው ነው የምለው።

በዚህ ነገር ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። ሥራ የጀመርኩት በቅየሳ ነው። ገና ወጣት ሳለሁ ከቡድን ጋር ወደ ከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ተላክን። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ሽምብራው እሸት ነው። መሣሪያችንን ተክለን ስንለካ አንድ ሽማግሌ መጡ። አላባረሩንም። ሽምብራውን ከነሥሩ ነቅለው «ብሉ» ብለው ሰጡን። በልተን ስንጨርስ፣ «ልጄ፣ ይሄ የምትለኩት ለምንድን ነው?» አሉ። ለመኖሪያ ተመድቧል አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሺ። ታዲያ ለከርሞ ልዝራ ወይስ ይቅር?» አሉኝ።

እኔ አለቃዬን አየሁት። አለቃዬ ትሪፖዱን አየ። ማናችንም አናውቅም ነበር። ወሰኑን በሴንቲ ሜትር እንናገራለን፣ መቼ እንደሚሠራበት ግን የነገረን የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያ በኩል አለፍኩ። ቤት አልተሠራም። እርሻም የለም። ግማሹ የቁፋሮ አፈር መድፊያ ሆኗል። ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሮ ውስጡ አረም በቅሎበታል። ሽማግሌውን ጠየቅሁ። አርፈዋል። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል አሉኝ።

በፕላን ካርታ ላይ መኖሪያ ቢጫ ነው፣ እርሻ አረንጓዴ። ያንን ማሳ የገደለው ቢጫው ቀለም ነው። ዶዘር እስኪመጣ አልጠበቀም። አንድ ገበሬ መሬቱ ለቤት መመደቡን ከሰማ ጉድጓድ አይቆፍርም። ዛፍ አይተክልም። ፍግ አያለብስም። ለላሞቹ ደህና በረት አይሠራም። የደከመበትን ማን እንደሚበላው አያውቅማ! ደላላው ግን ያውቃል። ደላላ ሁልጊዜ ከመሐንዲስ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። 150 ካሬ፣ 200 ካሬ እያለ ይሸነሽነዋል። ሌሊት የጨረቃ ቤት ይቆማል፣ ጠዋት አፍራሽ ይመጣል፣ ማታ ተመልሶ ይቆማል። ገበሬውን «አትሽጥ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ነገ በካሳ ሊነጠቅ ለሚችል መሬት ዛሬ ጥሬ ብር የያዘ ሰው ቢመጣብኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም እሸጥ ነበር።

አሁን ስለ አፈሩ ልንገራችሁ። ሚስቴ በዚህ ጉዳይ አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም ትላለች፤ ታገሱኝ።

በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ በኩል ያለው መሬት ብዙው ጥቁር አፈር ነው። መረሬ የሚሉት አሉ፣ ኮቲቻ የሚሉትም አሉ። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይሄ አፈር ለጤፍ፣ ለሽምብራ፣ ለምስር፣ ለጓያ ነው የተፈጠረው። የአድአ ጤፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ዓይነት አፈር ነው። ሽምብራው ደግሞ የሚገርም ነው። ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም አካባቢ ትዘሩታላችሁ። ከዚያ በኋላ ጠብታ ባይወርድ እንኳ አፈሩ ባጠራቀመው እርጥበት ብቻ አድጎ እሸት ይሆናል። መስኖ የለም፣ ሞተር የለም።

ይሄው አፈር ለቤት ጠላት ነው። ሲያብጥና ሲኮማተር ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ ወለል ያነሳል። እዚህ ያላችሁ ኮንትራክተሮች ታውቁታላችሁ። ጥቁሩን ቆርጦ ማውጣት ነው። በገልባጭ ጭኖ መጣል ነው። ከሌላ ቦታ ሰሌክት የሚባለውን መሙያ አፈር አምጥቶ መሙላትና መጠቅጠቅ ነው። ይሄ ሁሉ ብር ነው። ለእህል ምርጥ የሆነውን አፈር ከፍለን እናስወጣለን፣ በቦታው የማያበቅል ከፍለን እናስገባለን። ይሄን ለአንድ ገበሬ ብታስረዱት ያበዳችሁ ነው የሚመስለው።

አትክልት ተራን አስታውሱ። ፒያሳ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ኃይሌ ጋርመንት። ገበያው ወደ ዳር ወጣ። ማሳው ግን ከዳር ወደ ባሰ ዳር እየሸሸ ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት ከመቂና ከዝዋይ በኩል ተጭኖ ይመጣል፣ የነዳጁን ዋጋ ወጣችን ላይ እናገኘዋለን። ቅርብ ያለው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ብዙው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ነው የሚለማው። በዚያ ውሃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ ካርታውን አረንጓዴ መቀባት ብቻውን ጎመኑን ንጹሕ አያደርገውም። ወንዙ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

እዚህ ላይ «ቤት የለኝም እኮ» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበው ሕዝብ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ከዚያ ውስጥ ዛሬም የሚጠብቅ አለ። የእኔም ልጆች ተከራይ ናቸው። ኮዬ ፈጬም፣ ቱሉ ዲምቱም፣ የካ አባዶም ትናንት እርሻ ነበሩ፤ ዛሬ የሰው ቤት ናቸው። ከተሠራው ውስጥ አንድ ጡብ ይነሳ አልልም። ግን በመኪና ስትሄዱ ቆርቆሮውን ቁጠሩ። በከተማው መሀል ስንት ዓመት ታጥሮ የቆመ ቦታ አለ? መንገድ የደረሰው፣ ውሃ የገባለት፣ መብራት ያለው ቦታ ማለቴ ነው። እሱ ሳያልቅ ሽምብራው ላይ መውጣት ምን አስቸኮለን?

ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ የሌለው እዚህ አለ? ብዙ አይመስለኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በሚባል አስተዳደር ሥር ነው። ከዋሽንግተን ጋር ግድግዳ የምትጋራ ከተማ ናት። እዚያም የእኛው ጣጣ ነበረባቸው። ከተማው እየሰፋ እርሻውን መብላት ጀመረ። በ1973፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ በገጠሩ ክፍል አንድ ቤት በ5 ኤከር ብቻ ይሠራ አሉ። 5 ኤከር 2 ሄክታር ገደማ ነው። እርሻውን ያድነዋል ብለው ነበር። አላዳነውም። ትልልቅ ግቢ ያላቸው ቤቶች ፈሉ። ሁለት ሄክታር ለእኛ ገበሬ ሀብት ነው፤ በትራክተር ለሚያርስ ለእነሱ ገበሬ ግን አይሆንም። መሬቱ ለመኖሪያ ሰፊ፣ ለእርሻ ጠባብ ሆኖ ቀረ።

በ1980 ሕጉን ለወጡት። አንድ ቤት በ25 ኤከር አሉ፣ ወደ 10 ሄክታር ማለት ነው። 93 ሺህ ኤከር ለእርሻ ተጠበቀ። በእኛ መለኪያ 376 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ በሙሉ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ ልኩን ከዚህ ገምቱት።

ገበሬዎቹ ደስ አላላቸውም። መሬታችን ዋጋ አጣ ብለው ተቆጡ፣ እውነትም ነበራቸው። 100 ኤከር ያለው ሰው ድሮ 20 ቤት ማሠራት ይችል ነበር፣ አሁን 4 ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ያ ሰው በየ5 ኤከሩ አንድ፣ በድምሩ 20 የመገንባት መብት በእጁ እንዲቀር ተደረገ። እርሻው ላይ አይሠራበትም፣ ግን ይሸጠዋል። የሚገዛው ከተማ ውስጥ ከተፈቀደለት በላይ ቤት መጨመር የሚፈልግ ገንቢ ነው። ፎቁ ወደ ላይ ሲያድግ ገንዘቡ ወደ ማሳው ይሄዳል። ለገበሬው ልጆች ቤት የሚሠራበት ልዩ ፈቃድም ነበረ። አጎታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ሲደውል ጠይቁት፤ ከቤቱ ግማሽ ሰዓት ነድቶ በቆሎ ማሳ ውስጥ ይገባል።

ይሄን እንዳለ እንቅዳው አልልም። አንቀዳውም። እነሱ ዘንድ መሬት የግል ነው። እኛ ዘንድ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው የሚሸጠው መብት የለውም። ግን አሳቡ ይገባኛል። እርሻው በመቆየቱ የምንጠቀመው ሁላችን ነን። ታዲያ ወጪው በአንድ ገበሬ ጫንቃ ላይ ብቻ ለምን ይወድቃል? ከተማው መሀል ላይ ቦታ በሊዝ ሲያጫርት ብር ያገኛል። ከዚያ ብር ውስጥ የተወሰነው ለሚያርሰው ሰው ይድረስ። በውሃ ጉድጓድ ይድረስ፣ በመንገድ ይድረስ፣ በወተት ማቀዝቀዣ ይድረስ፣ በምንም ይሁን።

ሕጋችንስ ምን ይላል? በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። ለከተማ ግብርና 15 ዓመት። አንብቤው ሳቅኩ፣ ከዚያ አላሳቀኝም። ለሳሎን 99፣ ለማሳ 15! አቮካዶ ተክሎ ፍሬ ለማየት እኮ ራሱ ዓመታት ይፈልጋል። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ከቀድሞው ይሻላል። በፊት በቋሚነት ለሚነሳ አርሶ አደር የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛ ነበር። አሁን ካለፉት 3 ዓመታት ትልቁ በ15 ይባዛል። ጥሩ ነው። ግን ብር እህል አይደለም፣ ተመልሶ አይበቅልም። ባጃጁ አርጅቶ ሲቆም ምን ይዘራል?

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ አካባቢ በአንድ የሚያቅድ ማስተር ፕላን ወጥቶ ነበር። ተቃውሞ ተነሳ። ሰው ሞተ፣ ልጆች ሞቱ። በጥር 2008 ዕቅዱ ቀረ። እኔ በሙያዬ ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የገበሬን ማሳ ገበሬው በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ቀለም መቀባት አይቻልም። ቢጫ ብቻ ሳይሆን አረንጓዴም። «ለአንተው ብለን ነው» ብለን ሳንጠይቀው እርሻ ላይ ብናስረው ያው ነው። ከከተማው ወሰን ውጭ ላለው ደግሞ ባለቤቱ ሌላ አስተዳደር ነው፤ መነጋገር እንጂ መሳል የእኛ ሥራ አይደለም። እኔ የማወራው በወሰኑ ውስጥ ስለቀረችው ማሳ ነው። ትንሽ ናት። ስለዚህ ነው የምንገበገበው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ይሄን ለምን ዛሬ አመጣሁት? አሁን የምንሠራበት መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለ10 ዓመት የተዘጋጀ ነው። ካርታው እንደገና የሚዘረጋበት ጊዜ ቅርብ ነው። ሕጉም የሕዝብ አስተያየት ይሰማ ይላል። ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ስብሰባ የምንገኘው ስለ መንገድና ስለ ኮንዶሚኒየም ለመጠየቅ ነው። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ፣ «ይቺ ቢጫ ቦታ ላይ ዛሬ ምን በቅሏል?» ብሎ ሲጠይቅ እስካሁን አልሰማሁም። ጠይቁ። የበቀለው ጤፍ ከሆነ አረንጓዴ ትሁን፣ ገበሬውም ከ15 ዓመት የሚረዝም ወረቀት ይያዝ። የግድ ቤት ይሠራበታል ከተባለም መቼ እንደሆነ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎ ይነገረው። እስከዚያ አርሶ ይብላ።

ከአቃቂ በኩል የመጡ ሦስት አርሶ አደሮች ከፊት ተቀምጠዋል። የጥያቄው ሰዓት ከእነሱ እንዲጀምር አዘጋጆቹን ለምኛለሁ። እኔ የዛሬ ስንት ዓመት መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ከጠየቁኝ፣ ዛሬም ብቻዬን መልስ የለኝም። ከእኔ ጋር የሚመልሱ የፕላን ባለሙያዎች ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አያቸዋለሁ።

አመሰግናለሁ። ማይኩን ለአባ ስጧቸው።