ብረት ይሉኝታ አያውቅም
(ድሬዳዋ፣ በትናንሽ ሞተር ሠሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ ውድ አባላትና እንግዶች!

ከሐረር ዳገቱን ወርዳችሁ በጠዋት የደረሳችሁም፣ ከከዚራ በእግር መጥታችሁ ያረፈዳችሁም፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ስብሰባውን በጠዋት ለምን እንዳደረግነው ለድሬ ሰው አይነገርም። ቀትር ላይ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ ግማሻችሁ የት እንደምትገኙ አውቃለሁ።

ዘንድሮ አዲስ ፊት በዛ ብሎ አያለሁ። ጡረታ የወጣ መምህር አለ፣ የባንክ ሰው አለ፣ ነርስ አለች፣ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። አብዛኞቻችሁ እስከ ዛሬ ቶርኖ ቤት፣ ብረት በማሽን እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ቤት፣ የገባችሁት ዕቃ ልታሠሩ እንጂ ልትሠሩ አይደለም። እዚያ ጥግ ላይ ተሰብስበው የሚሳሳቁት ደግሞ ዕድሜያቸውን በባቡሩ ወርክሾፕ የጨረሱ ናቸው። ሻይ ሰዓት ላይ ሂዱና ተዋወቋቸው። እነሱ ቀድመው አይመጡም።

አዲሶቹ፣ መጀመሪያ የሚመጣባችሁን ጥያቄ ልንገራችሁ። የሚጠየቀው እቤት ነው። «ይሄ ነገር ምን ይሠራል?» ውሃ አይስብም፣ እህል አይፈጭም፣ መብራት አይሰጥም። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ሞተር ነው። ይዞራል፣ በቃ። ልጆቻችን መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ። ሞተሩ የዞረ ቀን ግን ስልካቸውን አውጥተው የሚቀርጹት እነሱው ናቸው።

ይህ ሥራ ለሌላ ከተማ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ለድሬ ግን አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው ወርክሾፕ ግን እዚሁ ቀረ። ለተሰበረ ዕቃ ሁሉ መርከብ ከተጠበቀ ባቡሩ ቆሞ ይቀራል፤ ስለዚህ ብዙው መለዋወጫ እዚሁ ይሠራ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲዝሉ እየገባ እንፋሎቱን አስወጣው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ መጣ። የእጅ ሙያው ግን አልሄደም። እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሳሳቃል።

ለሎኮሞቲቭ አፍቃሪዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የድሮው ሐዲዳችን ስፋት 1 ሜትር ነው። ውጭ አገር ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ የሚዘረጉት የሞዴል ሐዲድ በብዛት 45 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሜትርን ለ22.5 አካፍሉት፤ 44.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የድሬን ባቡር በ1 ለ22.5 አሳንሶ የሠራ ሰው ሐዲድ ፍለጋ አይንከራተትም ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ ግን ሎኮሞቲቭ እንዳታስቡ። ጡረታ የወጣ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው። በትልቁ ልጀምር ይላል። ጊዜው ያጠረበት ይመስለዋል። ሎኮሞቲቭ ዓመታት ይበላል፤ ግማሽ ላይ ይቀርና አልጋ ሥር ገብቶ አቧራ ይጠጣል። እኔ የምመክረው ሲሊንደሩ የሚወዛወዝ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ነው። እንፋሎቱን የሚያስገባና የሚያስወጣ፣ ለብቻው የሚሠራ ቫልቭ የለውም። ሲሊንደሩ ራሱ በአንድ ፒን ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሲወዛወዝ ጎኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ ማቆሚያው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዴ ከመግቢያው፣ አንዴ ከመውጫው ጋር ትገጥማለች። ቢዬላ፣ ማለትም መሃል ላይ የሚያገናኝ ዘንግ፣ እንኳ የለውም፤ የፒስተኑ ዘንግ በቀጥታ ኮሎውን፣ ግፊቱን ወደ ዙር የሚቀይረውን ክንድ፣ ይይዛል። ዙሩን የሚያስቀጥል ከባድ ጎማ፣ ቮላኖ፣ ትጨምራላችሁ፣ ሲሊንደሩን ከማቆሚያው ጋር አጣብቃ የምትይዝ ሞላ ትጨምራላችሁ፣ አለቀ። ነሐሱን ከቆራሌው ታገኛላችሁ። እሳትም አያስፈልግም። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ በኮምፕሬሰር አየር ታዞሩታላችሁ። ግፊት መቀነሻ ሳትገጥሙ ግን እንዳትሞክሩት፤ የጎሚስታ አየር የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋ ነው።

ባለፈው ዓመት ይህን ሞተር ከሁሉ ቀድማ የተረዳችው ልብስ ሰፊ የነበረችው እህታችን ናት። ዕድሜዋን በእግር ሲንጀር ላይ ያሳለፈች ናት። እግር ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ጎማው ይዞራል። ኮሎ፣ ቮላኖ እያልን ስንተነትንላት «ይሄማ ቤቴ አለ» አለችን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

በዚህ ዕድሜ ጀማሪ መሆን የሚከብደው ዓይን ስለደከመ አይመስለኝም። ለዓይን መነጽርና ጥሩ አምፖል አለ። እጅ ቢንቀጠቀጥም ብረቱን አጥብቆ የሚይዘው ማሽኑ ነው። የሚከብደው እውነቱን የሚነግረን ሰው ስለምናጣ ነው።

አንድ ነገር ላውራችሁ። ባለቤቱ ፈቅዶልኛል፣ አሁንም ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ወንድማችን የመጀመሪያ ሲሊንደሩን ሠርቶ ሰፈሩ ወዳለ ቶርኖ ቤት ወሰደው። ልጁ አገላብጦ አየና «ቆንጆ ነው አባባ» አለው። እኛ ጋ አምጥቶ አየር ስንሰጠው ፉ... ብሎ ቀረ። ቮላኖውን በጣት ስናግዘው ትንሽ ዞር አለና ቆመ። ልጁ ጉድለቱን ሳያየው ቀርቶ ነው? አይቶታል። ግን የአባቱን እኩያ «ይሄ አልሆነም» ለማለት አፉ አልደፈረም።

ከወርክሾፑ ሰዎች አንዱ ሲሊንደሩን ተቀበለው። ከማቆሚያው ጋር የሚፋተገውን ፊት በጥቁር ማርከር ቀባው። ገጥሞ ትንሽ አሸት አሸት አደረገና ገልብጦ አሳየን። ጥቁሩ የተፋቀው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። መሃሉ፣ ቀዳዳዋ ያለችበት፣ እንዳለ ጥቁር ነው። መሃሉ ጎድጉዷል፣ አየሩም የሚያመልጠው በዚያ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ሳህን ነው፣ ወጥ ይያዝበት» አለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ የመስኮት መስታወት ላይ ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት ዘረጋለት፣ ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ሲሊንደሩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያዞረ እንዲያሽ ሰጠው። ቀጥሎ 800። ቀጥሎ 1200። በየመሃሉ ማርከር። ጥቁሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲፋቅ በቃ ተባለ። ሞተሩ በዚያው ዕለት ዞረ።

ሂሳቡን ብትሠሩት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፒስተን በ2 ባር ግፊት ባለው አየር ስትገፉት የሚገኘው ጉልበት 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ጥቂቱ በጎን ካመለጠ፣ ጥቂቱን ፍትጊያ ከበላው፣ ቮላኖውን የሚያዞር አይተርፍም። ብረት ይሉኝታ አያውቅም። ሥራ አስኪያጅ ሁን ዘበኛ፣ ከጎደጎደ ያፈሳል።

ድሬና ሐረር አንቱ አያውቁም፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ይላሉ እየተባልን እንታማለን። አዲስ አበባ ስንሄድ ይስቁብናል። እሺ፣ ታዲያ ብረት አጥብቆ በሚይዘው ሞርሳ ፊት ስንቆም ያ ነጻነታችን የት ይገባል? አቦ፣ አንተ መባል ያላሳፈረን ሰዎች «ፒስተንህ ተጣሟል» መባል ለምን ያሳፍረናል?

ዛሬ ከየቶርኖ ቤቱ የጋበዝናችሁ ወጣቶች፣ አንድ ልመና አለን። «ቆንጆ ነው አባባ» የምትለዋን ነገር ለእኛ ተዉልን። የተበላሸውን በማርከር አሳዩን። ሒሳባችሁ ያው ነው፣ አይቀንስም። አዲሶቹ ደግሞ ሥራችሁን ስትሰጡ «እንዴት ነው?» አትበሉ። እንዲያ ከጠየቃችሁ መልሱ የታወቀ ነው። «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?» በሉ። ነባሮቹ፣ ሥራውን ተቹ፣ ሰውዬውን ተዉት። ባለፈው «ለቆራሌው ሽጠው» ያልክ ሰው ራስህን ታውቃለህ።

ውሃ እየፈላ እንፋሎት በሚሆንበት ዕቃ፣ በቦይለር ላይ ግን ቀልድ የለም። ውሃ እንፋሎት ሲሆን በተለመደው የአየር ግፊት 1,600 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ዛሬ የምናጸድቀው ደንብ አጭር ነው። አዲስ ቦይለር እሳት ከማየቱ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላና በእጅ ፓምፕ ከሚሠራበት ግፊት እጥፍ ድረስ ይፈተናል። በ3 ባር የሚሠራ ከሆነ እስከ 6 ባር። በአየር መፈተን ክልክል ነው። ውሃ እምብዛም አይታመቅም፤ ብየዳው ቢለቅ ያንጠባጥባል፣ በዚያው ያበቃል። የታመቀ አየር ግን ጉልበቱን ይዞ ነው የሚቆየው፤ ሲለቅ ይፈነዳል። ለሬዲዮ የምንጠቀምበት ለስላሳ ብየዳም አይሆንም፣ ቶሎ ይቀልጣል። የብር ብየዳ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት አባላት ቆመው ሲፈተን ያላዩት ቦይለር እዚህ አዳራሽ አይለኮስም።

ስለ ልብስ ደግሞ። ሽርጥ የቤት ነው። በሽርጥ ቶርኖ ፊት የቆመ ሰው ካየሁ ማሽኑን አጠፋበታለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። ነጠላም፣ የተንዘላዘለ እጅጌም፣ ጓንትም ያው ነው። ቀለበታችሁን አውልቁ።

ቦይለር ለምትፈሩ ሌላ መንገድ አለ። ሮበርት ስተርሊንግ የሚባል የስኮትላንድ ቄስ በ1816 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው የሙቅ አየር ሞተር ነው። ውስጡ የተዘጋው አየር በአንድ በኩል ይሞቃል፣ በሌላ በኩል ይቀዘቅዛል፤ ሲሰፋና ሲኮማተር ፒስተኑን ያንቀሳቅሳል። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ትኩስ ሻይ ብርጭቆ ላይ አስቀምጣችሁት ይዞራል። ድሬ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለው። የሚሠራው በሙቀት ልዩነት ነው፤ በሰኔ ቀትር ደግሞ መቀዝቀዝ ያለበት የላይኛው በኩል ራሱ ሞቋል። መላው ሻዩን ጠጥቶ ከሥሩ በረዶ ማድረግ ነው። ያኔ ሙቀቱን ከተማችን ትሰጣለች፣ ሞተሩም በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። እኔ በበኩሌ ለድሬ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ሥራ አላገኘሁለትም።

ወደ አጀንዳችን እንሂድ። መጀመሪያ የሒሳብ ሪፖርት፣ ቀጥሎ የቦይለሩ ደንብ፣ ከዚያ የማህበሩን ቶርኖ ማን መቼ ይጠቀም የሚለው የማያልቅ ክርክር። ኮምፕሬሰሩ ሻይ ሰዓት ላይ ይነሳል። ሞተር ያመጣችሁ በር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። ዘንድሮ ቅደም ተከተሉን ቀይረነዋል፤ ወደ ጠረጴዛው ቀድመው የሚወጡት የማይዞሩት ናቸው። የሚዞሩትን ከምሳ በፊት ጊዜ ከተረፈን እናያቸዋለን።

ጉባኤው ተከፍቷል። ሒሳብ ያዣችን፣ ነይ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።