ባላባቱ ድራኩላና ሸክላ ሠሪዋ

ውድ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የጅማ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ነኝ። የማጠናው ጎቲክ የሚባለውን አስፈሪ ልብ ወለድ፣ በተለይም የቫምፓየር፣ ማለትም የደም መጣጭ ታሪኮችን ነው። እናቴ እስከ ዛሬ «ደም መጣጭ ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ትለኛለች። እዚህ ተቀምጣለች። ዛሬ ልመልስላት።

ያደግኩት አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ሸክላ የሚሠሩ እናት ይኖሩ ነበር። ጀበናችንን የምንገዛው ከእሳቸው ነው። ቡና ሲፈላ ግን ማንም አይጠራቸውም። «ቡዳ ናት» ይባላል። በደጅ ሲያልፉ ምግቡ ቶሎ ይከደናል። አንድ ቀን ጀበና ላመጣ ተላክኩ። ጭቃ የነካው እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ደነገጥኩና ጀበናው ከእጄ አመለጠ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን እየለቀሙ «እግርህን እንዳይቆርጥህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የብራም ስቶከርን የቫምፓየር ልብ ወለድ «ድራኩላ» ሳነብ ያ እጅ ትዝ አለኝ። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ታሪኩ በደብዳቤ፣ በማስታወሻና በጋዜጣ ቁራጭ የተሰካካ ነው። ሐኪሙ ይጽፋል። የሕግ ባለሙያው ይጽፋል። ሚስቱም ትጽፋለች። ደም መጣጩ ባላባት ድራኩላ ግን የራሱ ማስታወሻ የለውም። ከጥቂት አጫጭር ቃላት በቀር ስለሱ የምንሰማው ከሚያሳድዱት ሰዎች ነው። ገዳይ ነው፤ ጠበቃ ልቆምለት አይደለም። ግን «ስለ ጭራቁ የሚጽፈው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ወደ ኋላ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1819 የወጣው የጆን ፖሊዶሪ ቫምፓየር የለንደን ሀብታሞች በየግብዣው የሚጠሩት ባላባት ነው። የሸሪዳን ለ ፋኑ ካርሚላ ደግሞ በእንግድነት ቤት የገባች ቆንጆ ወጣት ናት። እሷም የባላባት ዘር ናት።

ይህን ሳስተውል አንገቴን ደፋሁ። እነሱ ደም መጣጩን ባላባት አደረጉት፤ ግንብ ሰጡት። እኛ ግን «ሰው ትበላለች» ያልነው ጀበና ሠርታ የምታድረውን ድሃ ነው። አጥንቴ ድረስ የተሰማኝ ይሄ ነው። እማዬ፣ የተማርኩት ይሄንን ነው።

ቀጣዩ ሥራዬ እዚሁ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ሸክላ የሚሠሩ እናቶችን ቃል፣ እነሱ ራሳቸው እንደሚናገሩት መቅዳት እፈልጋለሁ። እኔ አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ እንጂ አጻጻፌ ደካማ ነው። ከእናንተ መካከል አጥርቶ የሚጽፍ ተማሪ ካለ፣ አሁን ስጨርስ በሩ ጋ ይፈልገኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።