«ቅር ብሎኛል በላት»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ፣ ጋቢዬን ደርቤ። ከጀርባዬ የሚሰማችሁ ዝናብ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ምን ይደረጋል፣ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አስተርጓሚነት ሥራዬ ነው። ደመወዝ የለውም። እሁድ እሁድ ማታ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ትደውላለች፣ እናቴ ስልኩን ትይዛለች፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ልጅቷ እዚያው ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ «ደህና ነሽ?» ላይ ያልቃል። እናቴ ደግሞ የመንዝ ሰው ናት፣ እንግሊዝኛዋ «ሄሎ» ላይ ያልቃል። ቀሪው የእኔ ዕዳ ነው።

መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት፤ ስለ ፎቶሲንተሲስ ጠይቁኝ፣ አሁንም እዘረዝራለሁ። የስሜት ቃል ላይ ስንደርስ ግን በኪሴ የነበረው ሦስት ነው፦ ሃፒ፣ ሳድ፣ አንግሪ። በኛ የእንግሊዝኛ ክፍል ሰው አያኮርፍም፣ ሆድ አይብሰውም፤ ተማሪ ሁሉ ተነሥቶ በአንድ ድምፅ «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እናቴ «ናፈቅሽኝ በላት» አለችኝ። እኔም ቃል በቃል «ዩ ሚስ ሚ» ብዬ አስተላለፍኩ። ገለበጥኩት ማለት ነው፣ «እኔ እናፍቅሻለሁ» ሆኖ ደረሰ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ «የስ፣ አይ ዱ» ብላ አዳነችኝ። ነገሩ ሲገባኝ ግን ገረመኝ። በእኛ ናፈቀኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደስ አለኝ ስንል ስሜቱ ነው መጥቶ እላያችን ላይ የሚያርፈው፤ ሰውየው ተቀባይ ነው። በእንግሊዝኛ ናፋቂው ራሱ ነው ሥራውን የሚሠራው። «አይ አም ሳድ» ሲል ደግሞ ኀዘኑን ራሱ ሆኖት ቁጭ ይላል። በነገራችን ላይ ይሄ «ሳድ» የሚሉት ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ «የጠገበ» ነበር። እነሱ ጋ የጠገበ ሰው እየከበደው፣ እየከበደው ሄዶ ያዘነ ሆነ። እኛ ጋ የጠገበ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ጎረቤት ያስቸግራል።

ሌላ ቀን ደግሞ ልጅቷ ኳስ ስትጫወት ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት ደወለች። እናቴ «እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!» ብላ ጮኸች። እኔ ምን ልበል? «ግራንድማ ሴይስ፦ ሚ!» አልኩ። ልጅቷ ደነገጠች፤ አያቴም ወደቀች እንዴ ብላ። እነሱ እዚህ ቦታ ላይ የሚሉት «ሶሪ» ነው። ቃሉ ለጥፋትም ለኀዘንም ያገለግላል። ይህንንም በኋላ ነው የለየሁት፤ አጎታችን ያረፈ ጊዜ ልጅቷ «አይ አም ሶ ሶሪ» ስትል እኔ «ይቅርታ እያለችሽ ነው» ብዬ ነበር። እናቴ እንባዋን እየጠረገች «ምን አድርጋ?» አለችኝ።

ይሄ ሁሉ ቀልድ ነው። ከባዱ የፋሲካው ነው።

የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ ውሎ ስለነበር ልጅቷ በዓሉ አልፏል ብላ ሳትደውል ቀረች። የደወለችው በዳግማይ ትንሣኤ ነው። እናቴ ስልኩን ተቀብላ፣ ሰላምታውን ጨርሳ፣ ዞር ብላ «ቅር ብሎኛል በላት» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፣ እንዲያውም ልትስቅ ምንም አልቀራት። ታውቁታላችሁ፣ ቅር ማለት ያባብሉኛል ብሎ ነው። መንገደኛ ቢረሳን ቅር አይለንም፤ ቅር የሚለን በሰዋችን ነው። እኔ ግን ቸኩዬ ስልኬ ላይ ፈለግኩ፣ መዝገበ ቃላቱ «ዲስአፖይንትድ» አለኝ፣ እኔም «ግራንድማ ኢዝ ዲስአፖይንትድ ኢን ዩ» አልኳት።

ዝም። ከዚያ «ኦኬ» የሚል ትንሽ ድምፅ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እህቴ ደወለች። «ምን አላችኋት? ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች።» ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች፤ ባላያትም ከድምፅዋ ታወቀኝ። እዚያ ወላጅ ለልጁ ይህን ካለ ከቁጣ ይከብዳል አለችኝ። ቁጣ ይበርዳል፤ ይሄ ግን «እንዲህ ዓይነት ሰው አትመስይኝም ነበር» እንደማለት ነው። ጦሱ ደግሞ ያቺ «ኢን» የምትባል ትንሽ ቃል ናት፤ ቅሬታውን ከተደረገው ነገር ላይ አንሥታ ሰውየው ላይ ትለጥፈዋለች። «ባለመደወልሽ» ብትል ኖሮ ነገሩ ላይ ይቀር ነበር። እህቴ ብትሆን ምን እንደምትል ጠየቅኳት። «ሺ ወዝ ሪሊ ሆፒንግ ዩ ዉድ ኮል» አለች። እንድትደውይላት በጣም ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው። ቅሬታው ውስጡ ተሸሽጓል፣ ያልተባለው ይሰማል። እኔ ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ይህን ስነግራት ተናደደች፣ በእኔ። «እኔ እኮ እንድታባብለኝ ነው ያልኩት፣ አንተ ፈረድክባት!»

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። ቃልና ትርጉም ብቻ አልጽፍበትም፤ ማን ለማን እንደሚለው ነው የምጽፈው። «አፕሴት»፦ መከፋትም መናደድም ነው፣ በድምፁ ነው የሚለየው። «ፎል አውት»፦ መቀያየም። «ሜክ አፕ»፦ መታረቅ፤ እኔ መኳኳል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ የማይገባበት እርቅ ነው፣ ሁለቱ ብቻቸውን ይጨርሱታል። ይሄኛው እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ደብተሩም ግን ሁሌ አያድንም። ግንቦት ላይ ልጅቷ «አይ አም ሶ ኦቨርዌልምድ» አለች። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣባቸው ነው የሚሉት፤ ሁለት ፈተና በአንድ ሳምንት ደርሶባት ነበር። እኔ «ጨንቋታል» አልኩ። ልክ ነው አይደል? ትክክል ይመስላል። እናቴ ግን ጨነቀኝ የምትለው ቤት ውስጥ በሽተኛ ሲኖር ነው። ምንም አልመለሰችልኝም፣ ነጠላዋን አስተካከለች። በማግስቱ ሥላሴ ሄዳ ጃንጥላ ተስላ ተመለሰች።

ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። እኔ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ያን ያህል አልነበረም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። እናቴ «ስለት ስለት ነው» ብላ ዘጋችው። ባለ ወርቅማ ዘርፍ፣ ቀይ ጃንጥላ። ሐምሌ 7 ለሥላሴ ክብረ በዓል ይዘነው ሄድን። ደጀ ሰላሙ ላይ እናቴ ጃንጥላውን ዘርግታ እንደቆመች ፎቶ አንሥቼ ለልጅቷ ላክሁላት።

ወዲያው መለሰችልኝ። «እዚያ ዝናብ ነው እንዴ?» ትላለች።

ቀና ብዬ አየሁ። ሐምሌ፣ ደብረ ብርሃን። «የስ» ብዬ ጻፍኩላት።