ስድስተኛው ስኒ፦ በደሴ ለፎቶ አንሺ ወጣቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም።

የሙያ ጓደኞቼ፣ ወጣቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን በዚህ ጉም ወጥታችሁ የመጣችሁ ደግሞ ምስጋናዬ ድርብ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ኮንሴፕቹዋል ፎቶግራፊ ስለሚባለው ነገርና በዚያ ዘርፍ ስለሚደረጉ ውድድሮች ነው። እኔ የሐሳብ ፎቶ እለዋለሁ። ብዙዎቻችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ እየመጣችሁ «ይሄን ውድድር አየኸው? እንዴት ነው የሚገባው?» ትሉኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ቆሜ ከምመልስ አንድ ላይ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ታውቁኛላችሁ፤ የስቱዲዮ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ሰርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ሲመጣ ደግሞ ካሜራዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። የሐሳብ ፎቶ የአዲስ አበባና የውጭ አገር ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንዴት እንደገባኝ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? የዜና ፎቶ አንሺ የሆነውን ነገር ይጠብቃል፤ ሲሆን ያነሳዋል። የሐሳብ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ ያስባል። ከዚያ ዕቃውን ይሰበስባል፣ ሰውን ያስቀምጣል፣ ብርሃኑን ያበጃል። ካሜራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለዚህ ነው ወርልድ ፕሬስ ፎቶን የመሰለ፣ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዜና ፎቶ የሚያወዳድር ድርጅት፣ ለካሜራ ተብሎ የተቀነባበረን ነገር እንደ ዜና ፎቶ የማይቀበለው። የሐሳብ ፎቶ ውድድር ላይ ግን ማቀናበሩ ራሱ ሥራው ነው። የትኛው በር ላይ እንደቆማችሁ ሳታውቁ አታንኳኩ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ዳጌር የሚባለው ፈረንሳዊ የፎቶግራፍ ፈጠራው ለዓለም የታወጀለት በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ጊዜ ሂፖሊት ባያር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በራሱ መንገድ በወረቀት ላይ ፎቶ ማንሳት ችሎ ነበር። ክብሩ ሁሉ ለዳጌር ሄደ። ባያር ምን አደረገ? በ1840 ራሱን ሰጥሞ የሞተ ሰው አስመስሎ አነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱን ገልጦ፣ ጋደም ብሎ። ከጀርባው ላይ «ይህ የምታዩት ሬሳ የባያር ነው» የሚል መልእክት ጻፈበት። ሰውየው በሕይወት አለ። ፎቶው ግን በደሉን ይናገራል። አቤቱታ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር?

አያቴ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ትጠይቀን ነበር። «እንቆቅልህ» ስትል «ምን አውቅልህ» እንላለን። መልሱን ዝም ብላ አትነግረንም። ካቃተን «አገር ስጠኝ» ትላለች። ጎንደርን ሰጥተናታል፣ ሐረርን ሰጥተናታል፣ ደሴን ግን ማናችንም አንሰጥም ነበር። የሐሳብ ፎቶ እንደዚያ ነው። ሰውየው ፎቶው ፊት ቆሞ መልሱን ራሱ መፈለግ አለበት። መልሱን ፎቶው ላይ ከጻፋችሁለት እንቆቅልሹ አለቀ።

እኔ መጀመሪያ የላክሁት ፎቶ መልሱ የተጻፈበት ነበር። ርዕሱ «ነፃነት» ነው። በሰንሰለት የታሰረ እጅ አነሳሁ። ከጎኑ ሻማ አበራሁ። በጣም ኮራሁበት። አሁን ሳስበው፣ ነፃነት ሲባል ሰንሰለት የማይመጣለት ሰው ማን አለ? ጊዜ ሲባል ሰዓት፣ ሰላም ሲባል ርግብ፣ ተስፋ ሲባል ሻማ። መጀመሪያ የመጣላችሁ ሐሳብ ለሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ነው። ዳኞች ደግሞ ያንኑ ሰንሰለት ከየአገሩ ሲላክላቸው ይውላሉ። እኔ አሁን የመጀመሪያዎቹን አምስት ሐሳቦች ወረቀት ላይ ጽፌ እሰርዛቸዋለሁ። ሥራው የሚጀምረው ከስድስተኛው ነው።

ሁለተኛው ውድድር «መጠበቅ» የሚል ርዕስ ነበረው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ስቱዲዮ መጡ። ከመቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈቱና አንድ ጉርድ ፎቶ አወጡ። የልጃቸው ነው። አረብ አገር ከመሄዷ በፊት እኔው ነኝ ያነሳኋት። ስምንት አሠርታ ሰባቱን ለፓስፖርቱም ለምኑም ይዛ ሄደች። አንዱ እናቷ ጋር ቀረ። «ይቺን አሳድግልኝ ልጄ፣ ግድግዳ ላይ ልስቀላት» አሉኝ። ጉርዱ ጥጉ ተልጦ፣ መሀሉ ላይ የቋጠሮው እጥፋት ሰምበር ሠርቶ ነበር። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉርድ ያልተቀመጠበት ስንት ቤት አለ? ከመስታወት ጠርዝ ላይ የተሰካ፣ ቁርዓን ውስጥ ወይም ዳዊት ውስጥ የተቀመጠ።

ፎቶውን አሳደግሁላቸው። ከዚያ የውድድሩ ርዕስ ትዝ አለኝና ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ይችን ጉርድ በእጅዎ ይዘው ላንሳዎትና ለውድድር ልላካት?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «አይሆንም ልጄ» አሉ። «እሷ ሳትፈቅድ ፊቷን ለማያውቃት ሰው አላሳይም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር ብሎኝ ነበር። ፎቶው በጭንቅላቴ ተሠርቶ አልቋል። ግን ልክ ነበሩ። ደንበኛ ጉርድ ሊነሳ ሲመጣ ፊቱን አምኖ ነው የሚሰጠን። ለመታወቂያ የተነሳውን ፊት ለውድድር ልንልከው መብት የለንም። ብዙ ውድድሮችም ፊቱ የሚታወቅ ሰው ካለ የፈቃድ ፊርማ ይጠይቃሉ። ባይጠይቁም እናንተ ጠይቁ።

እሳቸው ግን ሲወጡ «ቡና ጠጥተህ ታውቃለህ እኔ ቤት? ና አንድ ቀን» አሉኝ። ሄድኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጭሱ ይሸታል። ረከቦቱ ላይ ስድስት ስኒ ነው ያለው። ቤት ውስጥ ያለነው ከእኔ ጋር አምስት ነን። አቦል ሲቀዱ ስድስቱንም ሞሉ። አምስቱን አደሉን። ስድስተኛው እዚያው ቀረ። ማንም ምንም አላለም። ቶና ሲደርስ የቀዘቀዘውን ደፉት፣ ስኒውን አለቀለቁት፣ እንደገና ሞሉት።

ፎቶው እሱ ነበር። ፊት የለም፣ ሰንሰለት የለም፣ እንባ የለም። «ይሄን ላንሳው?» አልኳቸው። «ስኒውንማ አንሳ፣ አብሽር» አሉኝ።

ያቺን ፎቶ ለማግኘት ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ። የፈለግሁት ይህንን ነው፦ ስድስት ስኒ፤ ከአምስቱ እንፋሎት ይወጣል፣ ከስድስተኛው አይወጣም። ሲወራ ቀላል ነው። እንፋሎት ግን ብርሃን ከኋላ ወይም ከጎን ካልመታው አይታይም፤ ከበስተኋላው ደግሞ ጨለማ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት አበራሁበት፤ ጭራሽ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን በሩ ተከፍቶ ነፋሱ እንፋሎቱን በተነው። በሦስተኛው ቀን በሩን ዘጋን። በምሥራቅ በኩል ያለችውን መስኮት ብቻ ተውናት። ረከቦቱን የጓዳው ጨለማ ከጀርባው እንዲሆን አዞርነው። ስድስተኛውን ስኒ ቀደም ብለን ቀድተን አቀዘቀዝነው። የቀዘቀዘ ቡና ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እሱም ፎቶው ላይ ይታያል። ከዚያ አምስቱን በፍጥነት ቀዱ። ጥሩ እንፋሎት የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ሹተሩን፣ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ማለት ነው፣ 1/125 ሰከንድ ላይ አድርጌ ተኮስኩ።

የደሴ ብርድም ረድቶኛል። እኛ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው ያለነው። አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱ ይወፍራል። የምትረግሙት ብርድ ለፎቶ ዕቃ ነው፤ ጉሙም እንደዚያው። የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ እኛ የሌለን ነገር አላችሁ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ የሚወጣው ሰው፣ ከባቲ የሚመጣው ግመል።

በስልክም ይሠራል። የምትፈልጉት ቦታ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች አውርዱት። ጨለማው ይጠቁራል፣ እንፋሎቱ ይነጣል። ካሜራ የለኝም ብሎ የሚቀር ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ሳሙኤል ፎሶን ልጥቀስላችሁ። ካሜሩን ተወልዶ በናይጄሪያ ያደገ ልጅ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በባንጊ ስቱዲዮ ከፈተ። ቀን የደንበኛ ፎቶ ያነሳል። ማታ ፊልሙ ላይ ጥቂት ሲተርፈው ራሱን ያነሳበታል። ልብስ እየቀያየረ፣ ሌላ ሌላ ሰው እየሆነ። ፎቶውን ናይጄሪያ ላለችው አያቱ ይልክላት ነበር። ያ የትርፍ ፊልም ሥራ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያል። በ2023 እ.ኤ.አ. ዶይቸ ቦርዘ የተባለውን ትልቅ የፎቶ ሽልማት ወስዷል። መነሻው ግን እንደ እኔ ያለ ጉርድ አንሺ ነው። ይህን ሳውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከእኛም አይዳ ሙሉነህ አለች። አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የአዲስ አበባ የፎቶ ፌስቲቫል በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው እሷ ናት። የውሃን ችግርና የሴቶችን ድካም ለማሳየት ዳሎል ድረስ ወርዳ ሠርታለች። በደረቀው የጨው መሬት ላይ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ፣ ፊታቸው የተቀባ ሴቶች አቆመች። ያንን ያየ ሰው ስለ ውሃ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ሥራ። ይሄ አሰልቺ ነው፤ ግን ስንት ጥሩ ፎቶ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ደንቡን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተማሪ ለምኑ። አንድ ፎቶ ነው ወይስ ተከታታይ? ረጅሙ ጎን ስንት ፒክስል ይሁን? ስማችሁ ፎቶው ላይ እንዳይጻፍ ይከለክላል? የስቱዲዮ ማህተም የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ደግሞ የባለቤትነቱን አንቀጽ ፈልጉ። ፎቶው የእናንተ ሆኖ ይቀራል ወይስ ለሁልጊዜው ይወስዱታል? የሚወስዱት ከሆነ እኔ አልክም። ክፍያ ያለው ብዙ ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ፍለጋ መንከራተት ይመጣል። እንደ ሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ሽልማት ያሉ ለመግባት የማያስከፍሉ ትልልቅ ውድድሮች ስላሉ ከእነሱ ጀምሩ።

ስለ ሰዓቱ አደራ። አንድ ጊዜ የመጨረሻው ሰዓት «12፡00 ጂኤምቲ» ይላል፤ የግሪንዊች ሰዓት ማለት ነው። እኔ በእኛ አቆጣጠር ማታ 12 ሰዓት አድርጌ ተረዳሁት። 11 ሰዓት ላይ ልልክ ስል ተዘግቷል። ለካ የጂኤምቲ 12 ሰዓት ማለት ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የሁለት ወር ሥራ እጄ ላይ ቀረ። እናንተ ከሁለት ቀን በፊት ላኩ። መብራቱም ኔትወርኩም በመጨረሻው ቀን አይታመንም።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ምስልም አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ቦሪስ ኤልዳግሰን የሚባል ጀርመናዊ፣ አሁን በጠቀስኩት የሶኒ ውድድር ላይ በማሽን የተሠራ ምስል ልኮ በፈጠራ ዘርፍ ተመረጠ። ከዚያ ራሱ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ውድድሮቹ ለዚህ ነገር ተዘጋጅተው እንደሆነ ለመፈተን ነበር ያደረገው። አሁን ብዙዎቹ ጥሬውን ፋይል፣ ካሜራው እንዳነሳው ያልተነካካውን፣ ይጠይቃሉ። ጥሬውን አታጥፉ። የእናትየው ስድስተኛ ስኒ ደግሞ የትኛውም ማሽን ውስጥ አልነበረም። ቤታቸው ነበር።

መግለጫ ጻፉ ይሏችኋል። እኔ ለስኒው መጀመሪያ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ስለ ስደት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ እናት ፍቅር። አንድ ወዳጄ አነበበውና «ፎቶውን ገደልከው» አለኝ። አያቴ ትዝ አለችኝ። ሁሉንም ሰርዤ ሁለት መስመር ተውኩ። «ቡናው ሲደርስ ለስድስት ሰው ይቀዳል። ቤት ያሉት አምስት ናቸው።»

ፎቶው አላሸነፈም። ከተመረጡት መካከል ገብቶ ለዕይታ ቀርቧል። አንድ ቅጂ አሳትሜ ለእናትየው ወሰድኩላቸው። ካሳደግሁላቸው የልጃቸው ፎቶ ጎን ሰቀሉት። በስልክ ስታወራቸው «ስኒሽን አንስተውታል» ብለው ነገሯት። እሷ ደግሞ «የትኛውን ስኒ?» አለች። ለካ እንደሚቀዱላት ነግረዋት አያውቁም ነበር።

ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስቱዲዮዬን እከፍታለሁ። ክፍያ የለውም። ስልክም ያለው፣ ካሜራም ያለው ይምጣ። ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ገዝታችሁ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትነኩትን። ጉም ከሆነ መናፈሻ ድረስ አብረን እንወጣለን።

አመሰግናለሁ።